ሚልቪል ደርሰን መጣን

ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል ስል ሐበሻ ሁሉ «ኳስ ማለትህ ነው?» ይለኛል። ኳስ ቢሆንማ እኔው አሰለጥነው ነበር። እኔ አዲስ አበባ አፈር ሜዳ ላይ በጨርቅ ኳስ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ይሄ ዱላ ይዞ ቆሞ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ እስካሁን በደንብ አልገባኝም፣ በዱላ ሩር መምታት ከሆነ የኛ ገና ምን አለው ብዬ ስንቴ ተከራክሬዋለሁ። እሱ ግን በቃ ተለክፏል። አስረኛ ክፍል ነው፣ ሾርትስቶፕ (ሜዳው መሃል አካባቢ የሚቆም ተከላካይ በለው) ነው የሚጫወተው፣ ፕሮ እሆናለሁ ይላል። እናቱ ፋርማሲ ይማርልኝ ትላለች። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

የሌላ ሰው ልጅ ዲዝኒ ውሰዱኝ ይላል፣ የኔው ሚልቪል ኒው ጀርሲ ውሰደኝ አለ። ምን አለ እዛ? ማይክ ትራውት የሚባለው የኤንጀልስ (የካሊፎርኒያ ቡድን ነው) ኮከብ ተጫዋች የተወለደበት አካባቢ፣ ያደገበት ከተማ፣ የተማረበት ሃይስኩል። አምና አንድ ትራቭል ቲም (ወላጅ ከፍሎ ልጁን የሚያስገባበት ቡድን) ውስጥ አስገብቼው (ስሙ ይቅር) ከሁለት ሺ ዶላር በላይ ከፍዬ ክረምቱን ሙሉ ቤንች ላይ አስቀምጠውት ስለነበር ውስጤ ትንሽ ይከነክነኝ ነበር፣ እሺ አልኩት። የነዳጅ ብቻ ነው አይደል።

ሚያዝያ 2025 መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተነሳን። ሁዳዴ ነው፣ እናቱ የጾም ፍርፍር በእቃ ቋጥራ፣ ቡናውን በፔርሙስ ሞልታ፣ ቆሎ ጨምራ ሰጠችን። ልጁ ፍርፍሩን አይቶ «ባባ እኔ ዋዋ እበላለሁ» አለ፣ ዋዋ ማለት እዛ አካባቢ በየመንገዱ ያለ ሳንድዊች የሚሸጥ ነዳጅ ማደያ ነው። ዝም አልኩት።

ባልቲሞር ስንደርስ ጆሮው ላይ የሰካውን አውልቆ ካምደን ያርድስን አሳየኝ። ትራውት በሜጀር ሊግ (ትልቁ ሊግ ነው) የመጀመሪያ ሆምራኑን፣ ማለት ኳሱን ከአጥር ውጪ የሚያወጣውን ምት፣ የመታው እዚያ ነው፣ ሐምሌ 24 ቀን 2011 በፈረንጅ። እኔ ያኔ ባልቲሞር ታክሲ እነዳ ነበር እኮ፣ ምናልባት በስታዲየሙ በር አልፌ ይሆናል፣ አንተ ገና ሁለት ዓመትህ ነበር፣ ኋላ ወንበር ላይ ስታለቅስ ነበር አልኩት። ሳቀ። ከዛ ደላዌርን ስናቋርጥ ደግሞ የትራውት አባት ጄፍ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው አለኝ። አባትየውም ተጫዋች ነበር? አልኩት። በ1983 ሚኒሶታ ትዊንስ የሚባለው ቡድን በድራፍት (ቡድኖች በየተራ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ነው) በአምስተኛው ዙር መርጦት፣ ማይነር ሊግ (ከሜጀር ሊግ በታች ያለው) ውስጥ እስከ ደብል ኤ ደረጃ ደርሶ፣ ጉዳት በጉዳት ሆኖበት አቆመ፣ ከዛ ሚልቪል ሃይስኩል የታሪክ መምህርና አሰልጣኝ ሆነ። ስለ ልጁ ስንት ጊዜ ነግሮኛል ስለ አባትየው ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ ለኔ ደግሞ ቁም ነገሩ እሱ ሆኖ ተገኘ።

ትልቁን ድልድይ ስትሻገር ወደ ኒው ጀርሲ ስትገባ አትከፍልም፣ ስትወጣ ነው የምትከፍለው። ወጥመድ ነገር። ከድልድዩ በኋላ 49 የምትባለውን መንገድ ያዝን፣ ሳሌም፣ ብሪጅተን እያልን፣ እርሻ ነው ሁሉም፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሃይዌይ የለመደ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል። ኒው ጀርሲ ማለት ኒውዮርክ አጠገብ ያለው ጭስ ብቻ የሚመስለው ሰው ደቡቡን ሄዶ ይይ።

ሚልቪል ትንሽ ከተማ ናት። ድሮ የጠርሙስ ከተማ ነበረች፣ አሸዋው ለመስታወት የሚሆን ስለሆነ ፋብሪካዎች ተተክለውባት፣ ትልቁ በ1888 የተጀመረው ዊተን የሚባለው ነው (እኔ የኛው ሰፈር ዊተን መስሎኝ ትንሽ ተምታታብኝ)። አየር ማረፊያዋ ላይ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፒ-47 ተንደርቦልት የሚባለውን አውሮፕላን የሚያበሩ ፓይለቶች ይሰለጥኑ ነበር፣ የሃይስኩሉ ቲም ስምም ተንደርቦልትስ ነው። ከዚህ ውጪ ሰፈሩ ዝም ያለ ነው። ከዚህ ከተማ 426 ሚሊየን ዶላር የሚፈረምለት ሰው ወጣ ቢሉህ አታምንም።

ሜዳው አጥር ጋ ቆምን። ልጆች ይለማመዱ ነበር። ብርዱ! በሚያዝያ! ነፋሱ ከአሸዋ ጋር ፊትህን ይገርፋል፣ ልጆቹ እጃቸው ላይ ሲተፉና ሲያፋትጉ ታያለህ። የሃይስኩል ዱላ ብረት ነው፣ ሲመቱ ቲን ይላል፣ የድስት ክዳን እንደመምታት፣ ፕሮ ላይ ግን እንጨት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ስካውቶቹ (ለቡድን ተጫዋች እየዞሩ የሚፈልጉት) ጭንቅ የሚላቸው አንዱ እሱ ነው፣ በብረት የሚመታ ሁሉ በእንጨት አይመታም። ሌላው ደግሞ ብርዱ። ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳ ያለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይጫወታል፣ የዚህ አገር ልጅ ጸደይ ላይ ዝናብ ካልከለከለው ጥቂት ጨዋታ ነው፣ ስካውት ደግሞ ያላየውን አይገዛም።

አጥሩ ጋ አንድ የቤዝቦል ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። ልጄ ፈራ ተባ እያለ ትራውትን ያዩት እንደሆነ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ማይኪ ይሉታል። አንድ ፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ ጨዋታ) ላይ፣ ቼሪ ሂል ኢስት ከሚባል ሃይስኩል ጋር፣ ሦስቱም ቤዝ (ሯጮቹ የሚያርፉበት) ላይ ሰው ቆሞ እያለ ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው ሳይመታ አሳልፈውት አንድ ነጥብ በነፃ ሰጡ አሉን። እኔ አልገባኝም። ልጄ አስረዳኝ፣ እንዲመታ ከመፍቀድ ነጥብ መስጠት ይሻላል ብለው ነው። እንደዚህ የተፈራ ልጅ! በእግር ኳስ ብናስበው አንድ አጥቂ ኳስ እንዳይነካ ጎል ሰጥተህ መገላገል ማለት ነው። በመጨረሻው ዓመት 18 ሆምራን መትቶ የስቴቱን ሪከርድ ሰበረ።

መኪና ውስጥ ገብተን ሂተር ከፍተን ምሳ በላን። ዋዋውን አልበላም። ፍርፍሩን ከፍቶ በእጁ ጀመረው፣ ቀዝቅዞ ነበር፣ አልተናገርኩም። እየበላ ስለ ድራፍቱ አወራኝ፣ 2009 ነው፣ እሱ የተወለደበት ሰኔ፣ እኔና እናቱ ሆስፒታል ነበርን፣ ትራውት ኒው ጀርሲ ሴኮከስ ያለው የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። እዛ ድረስ የመጣው ተጫዋች እሱ ብቻ ነበር። 17 ዓመቱ ነው፣ ኮት ለብሶ ይጠብቃል፣ ስም ይጠራል፣ ይጠራል፣ እሱ አይጠራም። የኛው ዋሽንግተን ናሽናልስ ሁለቴ ዕድል አግኝታ ነበር፣ አንደኛ ላይ ስትራስበርግን አሥረኛ ላይ ስቶረንን ወሰደች (እኔ ናሽናልስ ፓርክ በር ላይ ማታ ማታ ለኡበር ስንት ዓመት የቆምኩ ሰው ይሄን አላውቅም ነበር)። ኤንጀልስ እራሱ 24ኛ ላይ ግሪቹክ የሚባል የቴክሳስ ልጅ መረጠ። 25ኛ ላይ ነው ትራውት የተጠራው። ያ 25ኛ ተራም የኒውዮርኩ ያንኪስ ነበር፣ ቴሼራ የሚባለውን ተጫዋች ከኤንጀልስ ወስደው ካሳ የከፈሉበት ነው።

ታዲያ ኤንጀልስ ብርዱን ምን አስረሳቸው? ሞርሃርት የሚባለው ስካውታቸው ድሮ ማይነር ሊግ ላይ ከጄፍ ጋር አብሮ የተጫወተ ሰው ነበር። አባትየውን ያውቀዋል፣ ልጁን ሲያይ የሚያየው ነገር ገብቶታል። አየህ አልኩት፣ ዘመድ ነው ነገሩ። «ዘመድ ሳይሆን ኔትወርክ ነው» አለኝ። አንድ ነው።

1 ሚሊየን 215 ሺ ዶላር ፈረመ፣ ኢስት ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሊገባ የነበረውን ትቶ። ከዛ በማይነር ሊግ አሪዞና፣ ከዛ አይዋ ሲዳር ራፒድስ፣ ከዛ ካሊፎርኒያ፣ ከዛ አርካንሳስ፣ በአውቶቡስ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2011 በ19 ዓመቱ ሜጀር ሊግ ገባ፣ የመጀመሪያ ቀኑን ሦስቴ ሞክሮ አንድም አልመታም። በሚቀጥለው ዓመት ግን የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ በሙሉ ድምፅ፣ ከዛ ሦስት ጊዜ ኤምቪፒ፣ ማለት የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች።

እሺ ይሄ ትራውት ነው። ቆሎዬን እያላመጥኩ ሌላውን ሂሳብ አመጣሁበት። በዛ ዓመት ድራፍቱ 50 ዙር ነበር፣ አሁን 20 ብቻ ነው። የቀሩትስ? ማይነር ሊግ ላይ ደሞዝ በ2023 ተሻሻለ ተብሎ እንኳ ያኔ ታች ያለው በዓመት 19,800 ዶላር፣ ትሪፕል ኤ (ከሜጀር ሊግ ቀጥሎ ያለው ደረጃ) የደረሰው 35,800 ነበር። እኔ ኡበር ነድቼ ከዛ በላይ አገኛለሁ። ጄፍ ኮሌጅ ስለነበረው ነው ጉልበቱ እምቢ ሲል ጠመኔ ያነሳው አልኩት። ዝም ብሎ አዳመጠኝ፣ እንደ ወትሮው አልተከራከረም፣ ከዛ «ጄፍ ባይጫወት ኖሮ ሞርሃርት አይመጣም ነበር» አለ። መልስ አጣሁ።

ስንመለስ ዋናው ከተማ ውስጥ ትንሽ ዞርን፣ ፎቶ ተነሳ፣ ወንዙን አየን፣ ለእናቱ አንድ የመስታወት ጌጥ ገዛን፣ ውድ ነው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ መሸ። ሰልፍ ነበር። ልጁ ፍርፍር የበላበትን እቃ እግሩ ስር አድርጎ መስኮቱን እያየ፣

«ባባ፣ ትራውት ያኔ 17 ነበር። 18 ሳይሞላህ ወላጅ ካልፈረመ አይሆንም አይደል?»

«አዎ።»

«አንተ ትፈርማለህ?»

ፊቴ ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፣ እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ።

«ስንተኛ ተመርጠህ?»

«25ኛ።»

«ለ25ኛ እፈርማለሁ። ለአርባኛ እናትህን ጠይቅ።»

«እሷ እምቢ ትላለች።»

«እሱን አውቃለሁ» አልኩትና ከፍለን አለፍን።