16 ሰከንድ

ሴትየዋ የመጣችው ገና ሱቁን ከፍተን ሳንጨርስ ነው። እኛ ያባዛነውን ዲቪዲ በእጇ ይዛለች። ዓይኗ አብጧል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል። "ይሄን የሠራው ማን ነው?" አለች። እኔ ነኝ አልኳት። "እናቴን ገደልክብኝ እኮ!" አለችና ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2005 ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ኤዲት የምናደርግበት፣ የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዲቪዲ የምንገለብጥበት አንድ ትንሽ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ የኮሜንተሪ ፍቅር ይዞኛል። ዲቪዲ ስገዛ ፊልሙን አንዴ አየውና ወዲያው ድምፁን ቀይሬ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ሥዕሉ ያው ነው፤ የፊልሙ ድምፅ ግን ዝቅ ይልና ዳይሬክተሩ ወይም ፊልሙን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ከላዩ ላይ ያወራል። ነገሩን የጀመረው ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ የፊልም ዲስክ አሳታሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የ1933ቱን ኪንግ ኮንግ የተባለ ፊልም ከዲቪዲ በፊት በነበረው ትልቁ ሌዘር ዲስክ ሲያወጣ፣ ሮናልድ ሄቨር የተባለ የፊልም ቅርስ ባለሙያ በትርፉ የድምፅ መስመር ላይ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተከተለ አስረዳ። ዲቪዲ ሲመጣ አንድ ዲስክ እስከ 8 የድምፅ ትራክ መያዝ ስለሚችል ቦታው ተትረፈረፈ።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው የፊልም ሐያሲው ሮጀር ኢበርት ሲቲዝን ኬን በተባለው የድሮ ፊልም ላይ የተናገረውን ነው። የዚያን ፊልም ጣሪያዎች ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት እሱን ከሰማሁ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ የለውም፤ መብራቱና ማይክራፎኑ የሚገባው ከላይ ነዋ። የሲቲዝን ኬን ሠሪዎች ግን ጣሪያውን ከጨርቅ ወጥረው ማይክራፎኑን ከበላዩ ደበቁት። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ስቀርፅ እንኳ ቀና ብዬ ጣሪያ ሳላይ አልጀምርም። ዘ ላይሚ የሚባለው ፊልም ኮሜንተሪም አለ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ሶደርበርግና ጸሐፊው ሌም ዶብስ ጎን ለጎን ሆነው ይከራከራሉ፤ ጸሐፊው ከድርሰቱ ተቆርጦ የቀረውን ሁሉ ፊት ለፊት እያነሳ ይሞግተዋል። ሁለት ሰዎች ስለ ሥራቸው እንዲህ ከልባቸው ሲሟገቱ መስማት ለኔ ትምህርት ቤት ነበር።

ኢበርት ኮሎራዶ፣ ቦልደር በየዓመቱ በሚደረግ ጉባኤ ላይ አንድ ፊልም ይዞ ለቀናት ከተመልካች ጋር እየቆራረጠ ያይ ነበር። ከአዳራሹ ማንም ሰው "አቁም" ካለ ፊልሙ ይቆማል፣ ውይይት ይደረጋል። ዲስክ ላይ ግን እንደዚያ የለም። ፊልሙ ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል፤ ተናጋሪው ሲናገርም ዝም ሲልም የሚከተለው ሥዕሉን ነው። ይህን ልዩነት በቃል አውቀው ነበር።

አንድ ቀን በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ካሴቶች ይዘው መጡ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ደሴ ገብተው የእናታቸውን ግቢ፣ ሰፈሩንና የማርያም ማኅበርን ቀርፀዋል። ኤዲቱ ሳያልቅ እናታቸው አረፉ። አሜሪካ ላለው ዘመድና የሰፈር ሰው የሚታደል 150 ዲስክ አዘዙን። "ጋሼ፣ ለምን እርስዎ ከላዩ ላይ አያወሩበትም? ሰው የሚያየውን ማን እንደሆነ ይወቅ" አልኳቸው። ደስ አላቸው። ከኋላ ክፍል በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ማይክራፎን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ ቀዳኋቸው። 72 ደቂቃ አንዴም ሳያቋርጡ ተናገሩ።

31ኛው ደቂቃ ላይ እናታቸው ቡና ይቆላሉ። ምጣዱን ወዝወዝ ያደርጉና ቀና ብለው ካሜራውን ያያሉ። እዚያ ጋ ጋሼ ዝም አሉ። ማታ ኮምፒዩተር ላይ ስከፍተው የድምፁ መስመር ጠፍጣፋ ሆኖ 19 ሰከንድ ይሄዳል። የሠርግ ቪዲዮ ሠራተኛ ባዶ ቦታ አይወድም፤ ሙዚቃ ይደርብበታል ወይም ይቆርጠዋል። እኔም 3 ሰከንድ አስቀርቼ የቀረውን ቆረጥኩት። በዚያች ቅጽበት ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር በሙሉ በ16 ሰከንድ ወደ ፊት ቀደመ። የመሰናበቻ ቃላቸውን በእጄ ከመጨረሻው ሥዕል ጋር አገጣጠምኩት። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃና መጨረሻውን ሰምቼ "ልክ ነው" አልኩ። መሐሉን አልሰማሁትም።

33ኛው ደቂቃ ላይ የማኅበሩ እናቶች በተራ ይታያሉ። ካሜራው እያንዳንዳቸው ላይ ሩብ ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ጋሼ ስም ሳይጠሩ "እኚህ ደግሞ" እያሉ ያስተዋውቃሉ። በኔ ዲስክ ላይ የሚቀጥለዋ ሴት ታሪክ ገና ሥዕሉ ላይ ባለችው ሴት ፊት ላይ ይወርዳል። "እኚህ ደግሞ ነፍሳቸውን ይማር፣ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አረፉ" ሲሉ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት በሕይወት ያሉ እናት ናቸው። ልጃቸው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ እያየች ነው።

ውጭ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። አገር ቤት ሰው ሲሞት በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ በማለዳ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ይደበቃል። እሷም ቤተሰቦቿ መርዶ እንደደበቋት አመነች። ደሴ ስትደውል መስመሩ አልገባ አለ። ሌሊቱን ስትሞክር አድራ ሊነጋ ሲል የእናቷን ድምፅ ሰማች። ከዚያ በቀጥታ እኛ ጋ መጣች።

አለቃዬ ገንዘብ ልመልስልሽ አላት። ቀና ብላም አላየችው።

ለጋሼ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። መጥተው "31ኛውን አሳየኝ" አሉ። አሳየኋቸው። ድምፃቸው 3 ሰከንድ ቆይቶ ሲቀጥል እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እዚህ ጋ እኮ ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም" አሉኝ። ከዚያ በላይ አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ኦሪጅናሉን ቅጂ አንዲት ሰከንድ ሳልነካ እንደገና ከሥዕሉ ጋር አሰርኩት። ከታደሉት 88 ዲስኮች 81ዱን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ከእንጀራ መሸጫ፣ ከየሰው ቤት እየዞርኩ ለቀምኩ። ሰባቱ አልተገኙም፤ ዛሬም ያሳስቡኛል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዲስክ ሳስረክብ ተራ የቤት ማጫወቻ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሰማሁ አየዋለሁ። ሰው ዝም ያለበትን ቦታ የምነካው ራሱን ተናጋሪውን ጠይቄ ነው።

አዲሱን ዲስክ ለልጅቷ ያደረስነው ከጋሼ ጋር ሆነን ነው። "ድምፁ የኔ ነው፤ ይቅርታ የምጠይቃት እኔ ነኝ" ብለው እንቢ አሉኝ። በሩ ላይ ጎንበስ ሲሉ እሷ ቀድማ ትከሻቸውን ያዘች። ዲስኩን ከፈትኩት። 31ኛው ደቂቃ ላይ ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል፤ ጋሼ ሶፋው ላይም ቴሌቪዥኑ ውስጥም ዝም አሉ። ቀጥሎ እናቶቹ መጡ። የእሷ እናት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ሲያደርጉ፣ "እኚህ ደግሞ ሁለተኛ እናቴ ናቸው፤ ዛሬም ኪዳን ሳያደርሱ አይውሉም" የሚለው ድምፅ ልክ ፊታቸው ላይ አረፈ።

"እስቲ መልሰው" አለችኝ።

መለስኩላት።