አምስቱ ነጥቦች አንድ ናቸው

የአርክቴክቱን የለ ኮርቡዚዬን አምስት ነጥቦች አርክቴክቸር የተማረ ሁሉ በቃሉ ይወጣቸዋል። ቤቱን በዓምዶች ከመሬት ማንሳት፣ ነጻ የወለል ፕላን፣ ነጻ የፊት ገጽታ፣ በአግድም የተዘረጋ መስኮት፣ ጣራ ላይ አትክልት። ዛሬ ከፓሪስ ወጣ ብላ ወዳለችው ፑዋሲ ሄጄ እሱ የነደፈውን ቤት፣ ቪላ ሳቮዬን፣ ሳየው ግን አምስት አልመሰሉኝም። ነገሩ አንድ ነው፦ ሸክሙ ከግድግዳው ላይ ወረደ። ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን ለማየት ፈረንሳይ ድረስ መምጣትም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ እየተሠራ ያለ ፎቅ ማየት ይበቃል። ኮለኑ (ዓምዱ) ቆሟል፣ ሶሌታው (የአርማታ ወለሉ) ተሞልቷል፣ ብሎኬቱ ገና አልተደረደረም። ግድግዳ የሌለው ሕንፃ ወራት ይቆማል፣ ምንም አይሆንም። ለ ኮርቡዚዬ ይህንኑ የአርማታ አጽም የነደፈው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። በድንጋይና በጡብ ቤት ግን ተሸካሚው ግድግዳው ራሱ ነበር። የላይኛው ክፍል የታችኛውን መከተል ግዴታው ነው፤ መስኮት ይስፋ ካልክም ግንቡን ታደክመዋለህ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብሎኬት አፍርሶ ሳሎኑን የሚያሰፋ ሰው ነጻ ፕላንን ሳይማረው ደርሶበታል ማለት ነው።

ቪላ ሳቮዬ ከ1928 እስከ 1931 የተሠራ ነው። ቀጫጭን ዓምዶች ላይ የተቀመጠ ነጭ ሳጥን። ምድር ቤቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በመስታወት ይጠመዘዛል። ኩርባው የተለካው በመኪና መዞሪያ ነው፤ ባለቤቶቹ ከፓሪስ ሲመጡ መኪናዋ ከቤቱ ሥር ዞራ እንድትቆም። ከበሩ እንደገቡ ደግሞ ብቻውን የተተከለ የእጅ መታጠቢያ አለ። ጎብኚው ሁሉ ግራ ተጋብቶ ያየዋል። ከምግብ በፊት እጅ ማስታጠብ ለለመደ ሰው ግን ያን ያህል አይገርምም።

ብዙ የቆምኩት ላይኛው ወለል ላይ ነው። ረጅሙ መስኮት በአራቱም ፊት ይሄዳል። ሳሎኑ ጋ መስታወት አለው። ሰገነቱ ጋ ሲደርስ መስታወቱ ይቀርና ክፍተቱ ብቻ በዚያው መስመር ይቀጥላል። ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም ክፍል ይመስላል። ግድግዳው ከመጋረጃ የማይሻል ቀላል ነገር መሆኑ የሚታየው እዚያ ጋ ነው። ከአምስቱ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ጠፍጣፋው ጣራ ሌላ ጣጣ ነው። ያፈስስ ነበር። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሳቮዬ በ1936 ለአርክቴክቱ በጻፉት ደብዳቤ መግቢያው ላይ ይዘንባል፣ መወጣጫው ላይ ይዘንባል፣ የጋራዡ ግድግዳም ርሷል ብለው አማርረዋል። እውነታቸውን ነው። ሰው እንዴት መኖር እንዳለበት ላስተምር የሚል ሰው መጀመሪያ ዝናቡን ከቤት ያስወጣ። ቤተሰቡ በ1940 በጦርነቱ ምክንያት ለቆ ሄደ። ጀርመኖች ገቡበት፣ ቀጥሎ አሜሪካኖች። በኋላም ለትምህርት ቤት ቦታ ተፈልጎ ሊፈርስ ነበር፤ በጩኸት ተረፈ። በ1965 በመንግሥት ቅርስነት ተመዘገበ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በዩኔስኮ።

እኔ ቤት የመሥራት አቅም ቢኖረኝ አራቱን ነጥቦች ዓይኔን ሳላሽ እወስዳለሁ። አምስተኛውን ግን የሐምሌን ዝናብ የሚያውቅ ግንበኛ ሳላማክር አልሞክረውም።