ጡሩንባው እና የሚያለቅሰው ፊት

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥሁ ሰሞን የመጀመሪያው ሥራዬ የቴሌግራም ግሩፕ መክፈት ነበር። በደብረ ብርሃን ውርጭ አንድ ሽማግሌ ጎሕ ሳይቀድ ጡሩንባ ይዘው በየመንደሩ ሲዞሩ ማየት ያሳዝነኝ ስለነበር፣ አሳረፍኋቸው ብዬ ደስ አለኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ጎረቤታችን ሲያርፉ ዜናውን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለጠፍሁ። ረፋዱ ላይ ከጽሑፉ ሥር 63 የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረው ነበር፤ ድንኳን ለመትከል የመጣነው ግን ዘጠኝ ነበርን። ምሰሶ ደግፎ የቆመው ጎረቤቴ «ሰው የት አለ?» ሲለኝ ስልኬን ላሳየው ቃጣሁና ተውሁት።

ሰዎቹን ልወቅስ አልችልም። ጡሩንባ የሰማ ሰው መልሱ እግሩ ብቻ ነው፤ እኔ ግን በጣት የሚከፈል ሌላ መልስ አበጀሁላቸው፤ እሱን ሲነኩም ለቅሶ የደረሱ ያህል ልባቸው ዐረፈ። ድካሙን ትርፍ ነገር አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ለካ ሥራውን የሚሠራው እሱ ኖሯል።

ዋትስአፕ ይህንኑ የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ስለ ሕፃናት ሌቦች የተነዛ አሉባልታ በመንጋ ፍርድ ሰው እስከ ማስገደል ሲደርስ፣ ኩባንያው በዚያ አገር አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ ከ5 በላይ ለሆኑ ሰዎች ወይም ግሩፖች እንዳይተላለፍ ከለከለ፤ በ2019 ገደቡን ለዓለም ሁሉ አዳረሰ፤ በ2020 ደግሞ እጅግ ብዙ ጊዜ የተላለፈውን መልእክት ገደብ ወደ 1 አወረደው። የተነጠቀ ድካም መልሶ መስጠት ማለት ይህ ነው። የመንዝ ሰዎችም ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬታቸውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በአንድነት እየከፈቱ ለዘመናት አቆይተውታል፤ ያ ሥርዓት የፈረሰው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎችም፣ እኔ ሽማግሌውን ብቻ እንዳሰብሁ ሁሉ፣ ጭሰኛውን እንጂ የጓሳን ሣር ያሰቡ አይመስለኝም።

እኔም የሚያለቅሱትን ፊቶች ዘጋኋቸው። በቀጣዩ ሐዘን «ነፍስ ይማር» የሚለው ጽሑፍ እየተገለበጠ 41 ጊዜ ተለጠፈ። የድንኳን ተረኞችን ስም ልለጥፍ አሰብሁና፣ ታሞ የቀረ ሰው በአደባባይ ሲነወር ስለታየኝ ተውሁት።

እሑድ ዕለት ሽማግሌው ቤት ሄጄ እንዲመለሱ ለመንኋቸው። «አንተ ልጅ፣ ገና ማረፌ ነበር እኮ» አሉኝ። ጡሩንባው ከራስጌያቸው ተሰቅሏል፤ አቧራ አልነካውም።