ሽርጥ ለብሼ የወረድኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ፣ ሱሪ ሳይሆን ሽርጥ (በቆላ ወንዱ ከወገቡ በታች የሚያገለድመውን ሰፊ ጨርቅ) መልበሴን ያስታወስኩት የኮንዶሚኒየማችን ጥበቃ ከእግር እስከ ራሴ ተመልክቶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ምነው ደኅና አይደሉም እንዴ? ኦፕራሲዮን ሆነው ነው?» ሲለኝ ነው። እኔም «አዎ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር» ብዬ አለፍኩ። ስመለስ «እግዜር ይማርዎ» አለኝ። ባደግኩበት ከተማ ሐኪሙም ሸማኔውም ቤቱ ሲገባ ስለሚለብሰው ልብስ፣ በሃምሳ ዓመቴ ዋሸሁ።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት፤ በቀትር ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ወንዱም ሱሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያሸርጣል። አባቴ ከሸዋ ደጋ ወርዶ ምድር ባቡር የተቀጠረ ክርስቲያን ነበር፤ ሽርጥ መልበስን ከሶማሌና ከኦሮሞ የሥራ ጓደኞቹ ተማረ። በዚያ ከተማ ሽርጥ የሃይማኖት ምልክት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አላጋጠመኝም። አያቴ ልትጠይቀን ከአገር ቤት በመጣችበት ዓመት ግን፣ ልጇ በሰማያዊ መደብ ሽርጥ ደጅ ወጥቶ ሲቀበላት ደነገጠች፤ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «አንተ፣ ሱሪህን ማን ወሰደብህ?» አለችው። አባቴ ሳቀ። ከሳምንት በኋላ እሷም ሙቀቱን አይታ ዝም አለች፤ አንድ ቀን ግን ገበያ አብሯት ሊሄድ ሲነሣ ሱሪ ካልለበሰ እንደማትወጣ አስታወቀች።

አለባበሱ ቀላል ቢመስልም እጅ ይጠይቃል። ጫፍና ጫፉ ተሰፍቶ የገጠመውን ሰፊ ጨርቅ ውስጡ ገብቶ ወደ ላይ መሳብ፣ ትርፉን ወደ አንድ ጎን ማጠፍ፣ ከዚያም ከወገብ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች መጠቅለል ነው። ጥቅልሉ ቀበቶም ኪስም ይሆናል፤ አባቴ ቁልፉንና ጥቂት ብሩን እዚያ ይሸጉጥ ነበር። ሌሊት አንሶላ ነው፣ ከወንዝ ሲወጣ ፎጣ ነው፣ ሰው ፊት ልብስ ለመለወጥ ደግሞ ከመጋረጃ ይሻላል። አንድ ጉድለት አለበት፤ ለሚሮጥ ሰው አይሆንም። ያሁኑ የእኔ ሽርጥ ላይ በጠርዙ የተለጠፈው ጽሑፍ ኢንዶኔዥያ መሠራቱን ይናገራል፤ ከዚያ ድረስ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው የሚለብሰው ስላለ ነው።

አዲስ አበባ ግን ቃሉ ራሱ ሌላ ነው። መርካቶ ገብቼ ሽርጥ ስጠይቅ ባለሱቁ ወጥ ሠሪዎች ከፊት የሚያሥሩትን አውጥቶ «ለእመቤት ነው?» አለኝ። የመሐል አገር ሰው ሽርጥ ሲባል ቀድሞ የሚታየው ማጀት ነው፣ ሱሪ ሲባል ደግሞ ወንድነት፤ «ሱሪ የታጠቀ» ብለን ጀግና እናወድሳለን፣ «ቀሚስ ልበስ» ብለን ፈሪ እንሰድባለን። ይህንኑ ስድብ የሚወረውር ሰው ግን ቀሚሳቸው ተረከዛቸው የሚደርስ ቄስ ሲያልፉ ባርኔጣውን አውልቆ መስቀል ይሳለማል። አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ኦሪት ዘዳግም 22 ቁጥር 5ን ጠቀሰልኝ፤ ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ የሚከለክለውን ማለት ነው። ጥቅሱን አልክድም። ነገር ግን የትኛው ጨርቅ የሴት እንደሆነ የሚወስነው አገሩ ነው እንጂ ጥቅሱ የልብስ ስም አይዘረዝርም። በምያንማር ወንዶች ሎንጂ የሚሉትን የዚሁ የሽርጥ ወንድም ለብሰው ቢሮ ይገባሉ፤ ፓርላማም ይቀመጣሉ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ የስቶክሆልሙ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጋ በከተማዋ አንድ የባቡር መሥመር ላይ የሚሠሩ ወንድ ሾፌሮች ሙቀቱ ሲያስጨንቃቸው ቁምጣ በደንቡ ስላልተፈቀደላቸው፣ የተፈቀደውን ጉርድ ቀሚስ ለብሰው ባቡራቸውን ነዱ፤ አሠሪውም አልከለከላቸውም። አባቴ በሕይወት ቢኖር ይህን ወሬ እንዴት ይወደው ነበር! እሱ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከሥራ ሰዓት በፊት ሱሪውን መልሶ ይለብስ ነበር እንጂ ሽርጥ ለብሶ መሥሪያ ቤት አልገባም። አሁን ሳስበው እሱም በሁለት ዓይን መካከል ነበር የሚኖረው፣ በአያቴና በአለቃው።

እኔ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ ነው የዋሸሁት። ቁጣ ወይም ስድብ ቢሆን ምናልባት እመልስ ነበር፤ የጥበቃው ርኅራኄ ግን አፌን ያዘው። ከቅዳሜ ወዲህ በየጠዋቱ «ጋሼ፣ ቁስሉ ጠገገ?» ይለኛል። ሱሪዬን እንደለበስኩ «ይመስገን፣ እየተሻለኝ ነው» እለዋለሁ።