ውሃ አይነካውም

ደሴ፣ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የሚሸጥ አንድ ቤት ውስጥ ድንጋይ ስሞርድ በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ረፋድ ሐጂ ገቡ። ሰላምታ አላበዙም። የብር ቀለበታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ኦፓል ያላችሁት ይሄን ነው?»

አየሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት እኔው የሞረድኩት የደላንታ ድንጋይ ነው። ያኔ ቀዩና አረንጓዴው እንደ ፍም ይንቦገቦግ ነበር። አሁን የጠርሙስ ስባሪ መስሏል፤ ከሥሩ ብሩ ይታያል።

«ውሃ ነክቶታል ሐጂ?»

«በቀን አምስቴ!»

ለካ ለሶላት የሚታጠቡት ውዱእ ነው። እንዴት ቀድሞ አልታየኝም!

አስረዳኋቸው። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱ ውሃ ሲሞሉ ድንጋዩ ይጠራና ቀለሙ ይጠፋል። ሲደርቅ ይመለሳል። ውሃስ ደግ ነው፤ ዘይትና ሽቶ ከጠጣ ግን ላይለቀው ይችላል። ይሄ የደላንታው፣ የወገል ጤና ኦፓል የታወቀው ገና በ2000 ዓ.ም. ነውና፣ እንዲህ ውሃ የማይጠጣውን የአውስትራሊያ ኦፓል የለመደ ገዢም ይሄን ሲያይ ይደነግጣል።

«ስለዚህ ውሃ አያስነኩት» አልኩ።

ሐጂ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ሶላቱን ልተወው?»

«ኧረ! ቀለበቱን አውልቀው ለማለት ነው…»

«አለቃህ ሲሸጥልኝ ‹ውሃ አይነካውም› ብሎኛል።»

ባለቤቱ ይሄኔ ስልክ ተደወለለትና ወጣ። ስልኩ ሲጠራ ግን አልሰማሁም።

«አብሽሩ ሐጂ፣ በአራት ቀን ይመለሳል» አልኩ። ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። ኦፓል ቀስ ብሎ ነው መድረቅ ያለበት፤ ፀሐይም እሳትም አይወድም። ይሄን ለሰው ሁሉ የምሰብከው እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ድንጋዩ ገና ደመና እንደለበሰ ነው። ሐጂ ነገ ይመጣሉ። ቡና እየተፈላ ነበር። «ትንሽ ሙቀት ቢያገኝስ?» ብዬ ወደ ከሰሉ አስጠጋሁት። ቶናው ሳይቀዳ ድንጋዩ ጠቅ አለ።

በማግስቱ ሐጂ ቀለበቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ቀለሙ ተመልሷል፤ መሃሉ ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ።

«ይሄስ ምንድነው?»

እውነቱን ተናገርኩ። ብዙ ዝም አሉ።

«ቡናው እንኳ ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነበር ሐጂ።»

አጠለቁትና ሄዱ። ሌላ ይቀየርልኝ አላሉም። ባለቤቱ ግን የድንጋዩን ዋጋ ከደመወዜ ቆረጠ።

እሱ ዛሬም ለደንበኛ «ውሃ አይነካውም» ይላል አሉ።