የአይሱዙው ቡሎንና ሮድ ቱ ፐርዲሽን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ መርካቶ ፍላሽ ላይ ፊልም ሳስጭን ልጁ «ይሄን የወንጀል ፊልም ውሰደው» ብሎ ሮድ ቱ ፐርዲሽንን ጨመረልኝ። በፈረንጆች 2002 የወጣ ነው፣ ቶም ሃንክስና ፖል ኒውማን ያሉበት። ማታ ቆጪ ቤቴ ብቻዬን አየሁት፣ በማግስቱ ደገምኩት። እንደዚ የያዘኝ ፊልም የለም።

ጋራዥ የገባሁት በ16 ዓመቴ ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፣ ልጄ ነው የሚሉኝ። ልጄ 17 ቁልፍ አቀብለኝ፣ ልጄ ምሳ በላህ ወይ። አረፋ ሲሆን እነሱ ቤት ነው የምውለው። የራሳቸውን ልጅ መኪና ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ፍሪሲዮን በለቀቀ ቁጥር እያንገጫገጨኝ።

ከዓመታት በፊት፣ ህዳር ላይ ቡና የሚጭን አይሱዙ ዘይት ሊቀይር መጣ። እኔ ሌላ መኪና ስር ነበርኩ፣ ጋሼ ራሳቸው ልጃቸውን «አንተ ቀይርለት» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁ የማፍሰሻውን ቡሎን በእጁ አስገባና በቁልፍ ሳያጠብቀው ቀረ። መኪናው ወደ አጋሮ ወጣ፣ ይቡ ሳይደርስ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሶ አለቀ፣ ሹፌሩም ዘይት ሲያልቅ የምትበራዋን መብራት ልብ አላለም፣ ሞተር ያለ ዘይት ደግሞ ብረት ከብረት ስለሚፋጭ ብዙ አይቆይም፣ ተቃጠለ።

ባለመኪናው አስጎትቶ መጣ። «ማነው ዘይት የቀየረው?» ሲል ጋሼ ወደኔ አዩና «እሱ ነው» አሉ። እሱ። ልጁ ኮምፕሬሰሩ ጋ ቆሟል፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት ነው፣ በጨርቅ አንዷን ጣቱን ብቻ ደጋግሞ ይጠርጋል፣ ቀና አላለም። እኔም ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ዝም አልኩ።

ማታ ልንዘጋ ስንል ጋሼ ለብቻዬ ጠሩኝና «ምን ላድርግ፣ እሱ እኮ ልጄ ነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያን ሁሉ ዓመት እኔን የጠሩበት ቃል ነው እኮ! ከደሞዜ እየተቆረጠ ከፍዬ ስጨርስ ወጣሁ። እንባቸውንም ለዓመታት የውሸት ነው ስል ኖርኩ።

ፊልሙ ላይ ኒውማን ሩኒ የሚባል የወንጀለኞች አለቃ ነው፣ ዘመኑ 1931፣ ሃንክስ ደግሞ እንደ ልጁ ያሳደገው ገዳዩ ሱሊቫን። መጀመሪያ ላይ ለቅሶ ቤት ሁለቱ አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሲጫወቱ የሩኒ ልጅ ኮነር ያያቸዋል። እኔና ጋሼ አንድ ሞተር ላይ በአራት እጅ ስንሰራ ትዝ አለኝ፣ ልጃቸውም በር ላይ ቆሞ ሲያየን። በኋላ ኮነር የሱሊቫንን ሚስትና ትንሽ ልጁን ይገድላል። ሽማግሌው የልጁን ጥፋት ያውቃል፣ ሲሰርቀው እንደኖረም ያውቃል፣ ግን አሳልፎ አይሰጠውም። ሱሊቫንን የሚወደው ደግሞ ከልቡ ነው፣ የኒውማን ፊት ላይ ይታያል። እዚች ጋ አቁሜ ውጪ ወጥቼ ቆየሁ። ጋሼ ለካ ሲያለቅሱ እውነታቸውን ነበር፣ ይሄ ደግሞ ውሸት ከሚሆን ይልቅ የባሰ አመመኝ።

ዝናብ ውስጥ የሚተኮስባትን ቦታማ እዩዋት። ጥይቱ ድምፅ የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ ይወድቃል። ፊልሙን የቀረፀው ኮንራድ ሆል ከሞተ በኋላ ነው በዚሁ ስራው ኦስካር የተሰጠው፣ ይገባዋል።

አሁን አጂፕ በኩል ሌላ ጋራዥ ነኝ። ዘይት የቀየረ ሰው ቡሎኑን በቁልፍ አጥብቆ ነጭ ቀለም ያስነካዋል፣ ደብተር ላይ ታርጋውንና ስሙን ይፅፋል። ይሄን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። የባለቤቱ ልጅም ይፅፋል።