ጊሎንግ ከሜዳው ሲወጣ ልቡ ይከዳዋል?

ጳጉሜን ሲገባ የአውስትራሊያ ፉቲ (በሞላላ ኳስ፣ በእግርም በእጅም የሚጫወቱት የአገሪቱ እግር ኳስ) ደጋፊዎች ያንኑ የዘወትር ሙግት ያነሳሉ። የጊሎንግ ከተማ ክለብ በራሱ ሜዳ በካርዲኒያ ፓርክ በደጋፊው ፊት አንበሳ ነው፤ ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረጉት የዋንጫው ጨዋታዎች ሲመጡና ሜልበርን ወዳለው ትልቁ ስታዲየም ኤምሲጂ ሲገባ ግን ይርዳል ይላሉ። የጊሎንግ ደጋፊ በበኩሉ «የራሳችንን ሜዳ ነጥቃችሁን ነው እንጂ!» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግን የክርክሩ ዋና ነገር ድፍረት አይመስለኝም፤ ሜትር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፉቲ ሜዳ ሞላላ ነው፤ አንድ ወጥ ልክም የለውም። ርዝመቱ ከ135 እስከ 185፣ ስፋቱ ከ110 እስከ 155 ሜትር ከሆነ ያጫውታል። ካርዲኒያ ፓርክ 170 በ115 ገደማ ነው፤ ረጅምና ጠባብ። ኤምሲጂ ደግሞ 160 በ141 ገደማ፤ አጠር ያለና ሰፊ። መሐል ላይ የሚሰመረው ካሬ የትም ሜዳ 50 በ50 ስለሆነ፣ ከካሬው ጎን እስከ መስመሩ የሚቀረው ቦታ በጊሎንግ 32 ሜትር ተኩል፣ በሜልበርን 45 ሜትር ይደርሳል።

ይህ ምን ይለውጣል? ኳሱን ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ማዞርን እንውሰድ። ተጫዋቾቹ ከመስመሩ 15 ሜትር ገባ ብለው ቆመዋል እንበል። በካርዲኒያ ፓርክ በመካከላቸው 85 ሜትር አለ፤ መሐል ላይ በቆመ አንድ ሰው በኩል እያንዳንዳቸው 43 ሜትር ገደማ በሆኑ ሁለት ምቶች ይሻገራል። በኤምሲጂ ያው ርቀት 111 ሜትር ይሆናል። ሁለት ምት ይበቃዋል ካልን እያንዳንዱ 55 ሜትር መጓዝ አለበት፤ ይህ ደግሞ የብዙ ተጫዋች አቅም ጫፍ ነው። ኳሱ አየር ላይ በቆየ ቁጥር ተከላካዩ ይደርሳል። ሦስተኛ ምት ከተጨመረ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የመሳሳቻ ዕድል ተጨመረ ማለት ነው።

በመከላከል በኩልም እንዲሁ ነው። ስድስት ሰው ከመስመር እስከ መስመር ጎን ለጎን ቢሰለፍ በየሁለቱ መካከል የሚኖረው ክፍተት በጊሎንግ 23፣ በሜልበርን 28 ሜትር ነው። አምስት ሜትር ለተመልካች ምንም አይደለም፤ ለሚሮጠው አጥቂ ግን ኳሱን ሳይነካበት ቀልቦ ማርክ ለመያዝ ይበቃዋል። በመደበኛው ውድድር በጠባቡ ሜዳ ነጥብ የሰበሰበ ቡድን ከፍ ብሎ ይጨርስና ወሳኙን ፈተና የሚቀመጠው በሌላ ልክ ሜዳ ነው። ሰንጠረዡ አልዋሸም፤ የለካው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ባለሜዳ» የሚለው ቃል ራሱ በፉቲ ዋንጫ አሳሳች ነው። እስከ 2025 በነበረው ሥርዓት በመጀመሪያው ሳምንት የማጣሪያ ጨዋታ በሰንጠረዡ 1ኛው ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ3ኛው ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ አንድ ሳምንት ያርፋል፣ የተሸነፈ ሌላ ዕድል ያገኛል። በ2017 ጊሎንግ 2ኛ፣ ሪችመንድ 3ኛ ሆነው ጨረሱ። በወረቀት ባለሜዳው ጊሎንግ ነበር፤ ጨዋታው ግን የሪችመንድ መኖሪያ በሆነው ኤምሲጂ ተደረገ። 95,028 ሰው ገባ፣ ሪችመንድ 91 ለ40 አሸነፈ፣ በኋላም ዋንጫውን ወሰደ። ካርዲኒያ ፓርክ በ2024 አዲሱ ጋለሪ ካለቀ በኋላ እንኳ የሚይዘው 40,000 ያህል ነው። ሊጉ ለምን ወደ ትልቁ ሜዳ እንደሚያደላ ለመረዳት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ፍትሐዊ ነው ወይ? አይደለም፤ ይህን የጊሎንግ ደጋፊ ቢናገር ልክ ነው።

ግን ያው ደጋፊ 2013ን መዝለል ይወዳል። ያኔ ጊሎንግ የማጣሪያ ጨዋታውን በካርዲኒያ ፓርክ እንዲያደርግ ተፈቀደለት፤ እንግዳው ከፐርዝ አህጉር አቋርጦ የመጣው ፍሪማንትል ነበር። ፍሪማንትል 87 ለ72 አሸነፈ። የጊሎንግን ውጤት በዝርዝር ስናየው 9 ጎልና 18 ቢሃይንድ ነው። ጎል 6 ነጥብ፣ ለጥቂት የሳተው ቢሃይንድ 1 ነጥብ ስለሆነ፣ ከ18ቱ ሦስቱ እንኳ ጎል ሆነው ቢሆን 15 ነጥብ ይጨመር ነበር፤ ልክ የተሸነፉበት ልዩነት። የተፈለገው ሜዳ ተገኝቶ፣ ኳሱ ቋሚዎቹን ስቶ ሄደ።

«በዋንጫ ጊዜ የሚጠነክር ቡድን» ሲባል የምጠቅሰው የ2016ቱን ዌስተርን ቡልዶግስ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረው የሚገኙበት የሜልበርኑ ፉትስክሬይ ክለብ። 7ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በመደበኛ ሜዳው በዶክላንድስ አንድም የዋንጫ ጨዋታ አላደረገም። ፐርዝ ሄዶ ዌስት ኮስትን በ47፣ በኤምሲጂ ሆውቶርንን በ23፣ ሲድኒ ሄዶ የዚያን ከተማ ሌላ ክለብ ጂደብልዩኤስን በ6፣ በመጨረሻም ሲድኒ ስዋንስን በ22 ነጥብ አሸንፎ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሳ። ያ ቡድን ሜዳ አይመርጥም ነበር፤ አጨዋወቱ በሰው ክምር ውስጥ ኳሱን በጡጫ እያቀበሉ መውጣት ስለነበር የሜዳው ስፋት ብዙም አያስጨንቀውም። ጠባብ ቦታ የሚጫወት ቡድን ጠባብ ቦታውን ይዞት ይዞራል።

ጊሎንግም ቢሆን ፈሪ ነው ማለት ከመዝገቡ ጋር አይሄድም። በ2007 ፖርት አደሌይድን በ119 ነጥብ፣ በ2022 ሲድኒን በ81 ነጥብ ልዩነት በዚያው በኤምሲጂ ቀጥቅጦ ዋንጫ ወስዷል። በ2019 አንደኛ ሆኖ ጨርሶ በኮሊንግዉድ በ10 ነጥብ ሲሸነፍ «ልብ የላቸውም» ተባለ፤ በ2022 ያንኑ ኮሊንግዉድን፣ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው የማጣሪያ ጨዋታ በ6 ነጥብ ሲያሸንፍ «ብረት ናቸው» ተባለ። 6 ነጥብ አንድ ጎል ነው።

2025 ደግሞ ክርክሩን ጭራሽ አወሳሰበው። በመጀመሪያው ሳምንት ጊሎንግ ብሪዝበንን በኤምሲጂ በ38 ነጥብ አሸነፈ። ብሪዝበን በሁለተኛው ዕድል ተመልሶ መጣ፤ በመስቀል ዕለት በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፣ በዚያው ሜዳ፣ ጊሎንግን 122 ለ75 ረታ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ባቱ ተጎድቶ የነበረው የብሪዝበኑ ላኪ ኒል በተቀያሪነት ገብቶ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ የ85 ነጥብ ግልባጭ፤ ሜዳው ግን ያው 141 ሜትር።